በትዕዛዝ ያሠራሁት ቢላ፦ አፉ ስል፣ ማኅተሙ ደብዛዛ

ከመጀመሪያው ልናገር፤ ቢላው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። በእጅ የተሠራ ቢላ ላሠራ ነው የሚል ጓደኛ ቢመጣ ወደዚሁ ባለሙያ ነው የምልከው። ሁለት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አንዱ አፎቱ ነው። ሌላው ማኅተሙ ነው፣ ሠሪው ስለቱ ላይ የሚተወው የራሱ ምልክት ማለቴ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው ስላለኝ ትንሽ ታገሱኝ።

የሠሪውን ስም አልጠራም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ ያልተመቸኝንም ቀድሜ ለራሱ ነግሬዋለሁ፣ በጥሞና ሰምቶኛል።

ያዘዝኩት የማይታጠፍ የሥራ ቢላ ነው። ስለቱ 11 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጀርባው እጀታው ጋ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ብረቱ 1084 ይባላል። ቁጥሩን ለማታውቁት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርበኑን መጠን ይነግሯችኋል፤ 84 ሲል በግምት 0.84 በመቶ ካርበን አለው ማለት ነው። የማይዝግ ዓይነት አይደለም። እርጥቡን ከተዋችሁት ይዝጋል፣ እኔም ይህን አውቄ ነው ያዘዝኩት።

ብረቱን የመረጠው ሠሪው ራሱ ነው፣ ምርጫውም ልክ ነው። የማይዝጉት ብረቶች ክሮሚየም ስለሚበዛባቸው ለማጠንከር አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይፈልጋሉ፣ እዚያም ሙቀት ላይ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከፍ ዝቅ ሳይሉ መቆየት አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ሙቀቱን በደንብ የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ምድጃ ያስፈልጋል። 1084 ብዙ አያስቸግርም። ወደ 815 ዲግሪ ሲደርስ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ በቃ ይጠነክራል። በጋዝ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ሙቀቱን የሚያውቁት በማግኔት ነው፤ ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር አድርገው ይነክሩታል። ባለሙያ ማለት ለእኔ ያለውን ምድጃ አውቆ ለምድጃው የሚሆን ብረት የሚመርጥ ሰው ነው። ስሙ የከበደ ብረት ገዝቶ እሳቱ ላይ ከሚያበላሽ ሰው፣ ተራ ብረት ይዞ በሥርዓት የሚያጠነክር ይሻለኛል።

ከዘይት የወጣ ስለት እንዲሁ ለሥራ አይሆንም። በጣም ይጠነክራል፣ ግን ከእጅ ቢያመልጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት መልሶ ማለዘብ የግድ ነው። ሠሪው 200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሰዓት እንዳቆየው ነግሮኛል። ጥንካሬው ሮክዌል ሲ በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ወደ 59 ነው ብሏል።

የሮክዌል ማሽን ቤቴ የለም። ያለ ማሽን የሚደረግ አንድ ፈተና ግን አለ፣ ማንኛችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክብ የነሐስ ዘንግ ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። የቢላውን አፍ በምትስሉበት ማዕዘን ዘንጉ ላይ አጋድማችሁ ጫን በሉት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። መብራቱ ከፊት ለፊት ከሆነ የአፉ ቀጭን ጠርዝ ነሐሱ ላይ ሲለመጥ በዓይን ይታያል፤ ትንሽ ጉብታ ነገር ከስለቱ ጋር አብራ ስትሄድ ታያላችሁ። ዋናው ጥያቄ ጉብታዋ ካለፈች በኋላ አፉ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። ተለምጦ ከቀረ ብረቱ ለስላሳ ነው። ከተሸረፈ ደግሞ ከልክ በላይ ደርቋል። የእኔው ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ ተመልሷል። በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ዳር እስከ ዳር አየሁት፣ አንድም ሽርፍራፊ የለም። በእውነት ደስ አለኝ።

ጠንካራነትና አለመሰበር አንድ ላይ እንዲመጡ ማድረግ የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና ነው። የአሜሪካ ቢላ አንጥረኞች ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው የተመሠረተው፤ አባሎቹን ለማዕረግ ሲፈትን የሚያደርገውን ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። ተፈታኙ በሠራው አንድ ቢላ መጀመሪያ በነፃ የተንጠለጠለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ቀጥሎ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ጠርቦ ይበጥሳል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያው አፍ ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ ስለቱ በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ሳይሰበር። ቢላው እዚያው ፈተና ላይ ያልቃል። የእኔን እንደዚያ አላደረግኩትም፣ አላደርገውምም። በካርቶን፣ በወፍራም ገመድና በደረቅ እንጨት ግን በደንብ ሠርቼበታለሁ። ካርቶን ቀላል ይመስላል እንጂ አፍ በማደንዘዝ የሚስተካከለው የለም። ክምር ካርቶን ከቆራረጥኩበት በኋላ ወረቀት ላይ ትንሽ መንተብተብ ጀመረ፣ ቆዳ ላይ ጥቂት ሳመላልሰው ተመለሰ። ድንጋይ አላስፈለገውም።

የስለቱ አወራረድ ላይ ጊዜ ወስዷል። ከጀርባው እስከ አፉ ድረስ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚወርደው። ካሊፐር ይዤ ከአፉ በላይ ያለውን ውፍረት ለካሁት፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ቢላ ሲገዛ የሚያየው አፉ ስል መሆኑን ነው፤ ማንኛውም ብረት እኮ ለአንድ ቀን ስል ይሆናል። የሚቆርጠው ከአፉ በላይ ያለው ስስነት ነው። እዚያ ጋ ወፍራም ከሆነ የቱንም ያህል ብትስሉት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ ሰተት ብሎ አይገባም። ሌላው የምፈትሸው ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ነው። ቢላውን ጫፉን ወደ መብራት አድርጋችሁ ከእጀታው በኩል በጀርባው ላይ ተመልከቱ። ስለቱ መሳሳት የጀመረበት መስመር በሁለቱም በኩል አንድ ቦታ ላይ ነው? የእኔው ከፀጉር ባልበለጠ ልዩነት ይገናኛል። በእጅ ለተሠራ ነገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የብርጭቆ ወረቀቱ መስመርም ያስደስታል። ሁሉም በስለቱ ርዝመት፣ በአንድ አቅጣጫ ነው የተሳበው። መሳሳቱ የሚጀምርበት ጥግ ላይ ብቻ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቂት አግድም ጭረት ቀርቷል። እዚያ ጥግ ጣት ስለማይገባ ሁሉም ሠሪ ይቸገርበታል፣ አልቆጠርኩበትም።

እጀታው ማይካርታ ነው፤ የበፍታ ጨርቅ ሬዚን በሚባል ሙጫ ተነክሮ በግፊት የደረቀ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል፣ ሁለት የነሐስ ካስማ ያልፍበታል። ጥፍሬን ብረቱና ማይካርታው የሚገናኙበት ላይ አሳለፍኩ፣ የትም አልያዘም። ከዚህ ሁሉ ግን የእጀታውን ግንባር፣ ወደ ስለቱ የሚያየውን ፊቱን ነው የወደድኩት። ግንባሩ ከተለጠፈ በኋላ ስለቱን ሳይጭሩ ማለስለስ አይቻልም። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት አልቆ፣ ተወልውሎ መቅረብ አለበት። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው፤ ወይ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ የኢፖክሲ ሙጫ አፈትልኮ ስለቱ ሥር ደርቆ ይታያል። የኔው ንጹሕ ነው። ይህን ያደረገ ሰው የማይታየውንም ቦታ ሠርቶታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አፎቱ። ቆዳው ጥሩ ነው፣ በእፅዋት የተለፋ፣ ወፍራም። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ነገር ግን በአፉ በኩል፣ በሁለቱ ቆዳዎች መሃል መግባት የነበረበት ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ የለም። ይህ ጥብጣብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን አፉ ክሩን እንዳያገኘው መከላከል ነው። ከሌለ ቢላው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይበላዋል፣ አንድ ቀን አፎቱ ተተርትሮ አፉ እግር ወይም እጅ ላይ ይወጣል። ይሄ የአጨራረስ ጉዳይ አይደለም፣ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ሠሪው ስነግረው ሳይከራከር መልሼ ልስፋው ብሎ ተቀበለኝ፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ የካርበን ብረት ቢላ በቆዳ አፎት ውስጥ ከትታችሁ አታስቀምጡ። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ይበላል። ስትሸከሙት አፎት፣ ስታስቀምጡት ውጪ።

ወደ ማኅተሙ ልምጣ። ስለቱ ሥር ሁለት ፊደል አለ። በቃ። እሷም ብረቱ ላይ በስሱ የተቃጠለች ጥቁር ምልክት ናት እንጂ አልጠለቀችም፤ ጣት ሲያልፍባት አትታወቅም፣ ቢላው ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ከተወለወለ ትጠፋለች። ዓመት የለም። የብረቱ ዓይነት የለም።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እኔ ከአዲስ ቢላ ይልቅ ጊዜዬን የምፈጀው አሮጌ ቢላዎችን በመለየት ነው። ዝገት የለበሰ ሴንጢ ይመጣል፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ የሚለውን ማወቅ ነው ሥራው። የሚረዳኝ ደግሞ የሞተ ሠሪ ብረቱ ላይ ትቶት የሄደው ነገር ብቻ ነው።

ሴንጢ ከሆነ ስለቱን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ። እዚያ ነው የሚመታው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አገር ከተጻፈ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ሕግ ወጥቶ ስለነበር፣ ጀርመኒ የሚል የተመታበት ሴንጢ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ዌስት ጀርመኒ ካለ ደግሞ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አገር አለመጻፉ ግን ብቻውን ከ1891 በፊት ነው አያሰኝም፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው አይጻፍበትምና። ሻጮች ይህን ሆን ብለው ይዘሉታል። የማይዝግ የሚል ጽሑፍ ካለው ከ1913 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ሃሪ ብሪርሊ ሼፊልድ ውስጥ የማይዝገውን ብረት ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። ቪክቶሪኖክስ የሚል የስዊዘርላንድ ድርጅት ስም ካለ ከ1921 ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት ቪክቶሪያ ብቻ ነበር። ኦፒኔል በሚባለው የፈረንሳይ ሴንጢ ላይ ደግሞ ስለቱን የሚቆልፈው የሚዞር ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። ቀለበት ያለውን ኦፒኔል የ1930ዎቹ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ዕቃውን መልሱለት።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የኬስን ሥርዓት ነው። ይህ የአሜሪካ ድርጅት በ1970 ከማኅተሙ ሥር አሥር ነጥብ ማድረግ ጀመረ። በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይቀነሳል። 1971 ላይ ዘጠኝ፣ እንዲህ እያለ 1979 ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ትቀራለች። በ1980 አሥር ነጥብ እንደገና ተጀመረ፣ እንዳይምታታም የፊደሉን ቅርጽ መብረቅ አስመሰሉት። እንግዲህ ተመልከቱ፣ አጉሊ መነጽር ይዞ ነጥብ የሚቆጥር ሰው የሴንጢውን የልደት ዓመት ያውቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የእጀታውን ዓይነት ነው የሚያመለክተው፣ 6 ብዙ ጊዜ አጥንት ነው፣ ሁለተኛው የስለቶቹን ብዛት፣ የቀረው የሞዴሉን ቁጥር። ጥቂት ነጥብና ጥቂት አኃዝ። ሠሪውን ምንም አላስወጣውም።

ማኅተም በጠፋበት ጊዜ ነው መከራው። ያን ጊዜ ዙሪያውን መሄድ ነው። የእጀታው ጫፍ ላይ ያለውን ብረት ማግኔት ያስነካሉ፤ ከሳበ ብረት ነው፣ ካልሳበ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። እጀታው አጥንት ነው ወይስ ፕላስቲክ? አጥንት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደም ያለፈባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብና አጫጭር መስመር ሆነው ይታያሉ። ዴልሪን የሚባለው ፕላስቲክ እንከን የለሽና ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ ገበያ ላይ የዋለውም በ1960 ነው። የጋለ መርፌ ወግቶ መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ ዕቃውን ታበላሻላችሁ። እጀታው ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ለብቻው አስቀምጡት። ሲያረጅ የካምፎር ሽታ ያለው ጋዝ እየለቀቀ አጠገቡ ያለውን ስለት ሁሉ ያዝገዋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዛል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ የታመመ ሴሉሎይድ የሌሎቹን ሁሉ አፍ ሲጨርስ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ብዙ ጊዜ የምትደርሱበት ግምት ላይ ነው። እጄ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ቢላ አለ፣ የአጋዘን ቀንድ እጀታ፣ ስለቱ በመዶሻ የወጣ። የመዶሻው ጉድጓዶች ጀርባው አካባቢ አሁንም ይዳሰሳሉ። አፉ ደጋግሞ ተስሎ ስለቱ ጠቧል፣ ሰው ወዶት ዕድሜ ልኩን የሠራበት ቢላ ነው። ሥሩ ላይ የሆነ ነገር ነበረ፣ የፊደል ጥላ ብቻ ቀርቷል፣ በሞተር ተወልውሎ ጠፍቷል። ያን ሰው ማንነቱን ማንም አያውቅም፣ ከእንግዲህም አያውቅም። ሥራው እንዲህ ጥሩ ሆኖ ስሙ አለመኖሩ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንድ ልመና፣ አሮጌ ቢላ ስታገኙ አትወልውሉ። ጥቁሩ የቆየ ቀለም ብረቱን ይጠብቀዋል። ቀይ ዝገቱን ብቻ በዘይትና በለስላሳ ነገር አንሱ፣ ሥሩን አትንኩ።

አዲሱን ቢላዬን ሳየው ያሰብኩት ይህንን ነው። ይሄ ሰው በሙያው ከዚያ ባለቀንዱ ቢላ ሠሪ አያንስም። ታዲያ ለምን ራሱን ያስረሳል? ጠየቅኩት። በጥልቀት የተመታ ማኅተም ስለቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከፊደሉ ጥግ ስንጥቅ ያስነሳብኛል ብሎ እንደሚፈራ ነገረኝ። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ሹል ጥግ ያለው ጉድጓድ ስንጥቅ ይጠራል። ግን መፍትሔ አለው። ብረቱ ከጠነከረ በኋላ በጨው ውኃና በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ፊደሉን ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። እሱ የሚጠቀመው ተለዋዋጭ ኃይል ብቻ ስለሆነ ነው ላዩን የሚያጠቁረው፤ መጀመሪያ በቀጥተኛ ኃይል ቢያቆየው ብረቱን ይበላለታል፣ በመጨረሻ በተለዋዋጩ ቢያጠቁረው ጥልቅም ጥቁርም ይሆናል። መሣሪያው ያው ነው፣ ማብሪያውን መቀየር ብቻ። እሞክረዋለሁ አለኝ።

ደማስቆ የሚሉትን ባለ ሞገድ ብረትም አቅርቦልኝ ነበር። አልፈለግኩም። 1095 እና 15ኤን20 ተደራርበው የሚቀጠቀጡበት ነው፤ ኒኬል ያለው 15ኤን20 አሲድ ውስጥ ሲገባ ብሩህ ይቀራል፣ ሌላው ይጠቁራል። ያምራል፣ ግን በደንብ ከተሠራ 1084 የተሻለ አይቆርጥም። ከፈለጋችሁ ግን ሞገዱ በጀርባው ላይ መቀጠሉን እዩ። ጎኑ ላይ ብቻ ካለ የተሣለ ሥዕል ነው።

ከዚህ ሠሪ ልታሠሩ ካሰባችሁ አሠሩ። ከመክፈላችሁ በፊት የብረቱን ዓይነትና የለዘበበትን ሙቀት በጽሑፍ ጠይቁት፣ ይሰጣችኋል፣ አይደብቅም። አፎቱ ላይ ጥብጣቡ እንዲገባ ንገሩት። ማኅተሙ እንዲጠልቅ፣ ከፊደሎቹ ሥር ዓመተ ምሕረቱና 1084 የሚለው እንዲጨመር ንገሩት። ይህን ስንጠይቅ ነው የሚለምዱት። እኔ ሁለተኛ ቢላ አዝዣለሁ፣ ትንሽ አጠር ያለ፣ 9 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው ቀንድ። አፎቱ ሲመለስልኝና አዲሱ ሲደርሰኝ ጥብጣቡንም ማኅተሙንም አይቼ እዚሁ እጨምርበታለሁ።